የፑሊው ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በተሽከርካሪ ጥገና ዐምዳችሁ ስለ ሞተር ታይሚንግ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት ስለሚተኩስበት ቅጽበት) አስተካከል የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ይህን ቅጽበት በፑሊው ምልክት ላይ በብልጭታ ስለሚያሳየው መብራት፣ ስለ ታይሚንግ ላይት፣ አጠቃቀም የተሰጠው ማብራሪያ ግልጽና ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሥራው ሁሉ የሚቆምበትን የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ማለትም በፑሊው (በሞተሩ ፊት በሚዞረው መዘውር) ላይ ያለውን ምልክት በቋሚው ጠቋሚ ላይ ካለው ዜሮ ጋር ማገናኘትን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አልፎታል። ምልክቱ ራሱ ትክክለኛ ቦታው ላይ መሆኑ በቅድሚያ ካልተረጋገጠ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ዲግሪ ሁሉ ዋጋ ስለማይኖረው፣ ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ታይሚንግ የሚለካው የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ወደ ላይ መውጣቱን ጨርሶ መውረድ ሳይጀምር ከሚገኝበት፣ በሙያው ቶፕ ከሚባለው ነጥብ ተነሥቶ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ የፊተኛው ፑሊ የሁለት ብረቶች ጥምር ሲሆን፣ በክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር በሚለውጠው ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚገባው እምብርትና ምልክቱ የተቀረጸበት የውጭ ቀለበት በመካከላቸው ባለ ጎማ ተያይዘዋል። ጎማው የክራንክ ሻፍቱን ንዝረት ለማርገብ የገባ ነው። ሙቀትና ዘይት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ግን ይደርቃል፤ ከብረቱም ይላቀቃል፤ ቀለበቱም ምልክቱን ይዞ በእምብርቱ ላይ ጥቂት ዲግሪ ይዞራል። ፑሊውን በዓይን ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለው ነገር አይታይም።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ጭነት ሲበዛበት በሚያንኳኳ አንድ ሞተር ነው። ታይሚንግ ላይቱ መጽሐፉ የሚያዘውን 10 ዲግሪ ያሳይ ስለነበር ጥፋቱን በነዳጁና በካርቡሬተሩ ላይ ስፈልግ ሁለት ቀን አለፈ። በመጨረሻ እውነተኛውን ቶፕ ለክቼ ሳገኘው ቀለበቱ 7 ዲግሪ ተንሸራቶ ነበር። ካንዴላው ይተኩስ የነበረው ከቶፕ 17 ዲግሪ ቀድሞ ነው ማለት ነው። በዚያው ሁኔታ ቢቀጥል ኖሮ ማንኳኳቱ የፒስተኑን ራስ እስከ መብሳት ሊደርስ ይችል ነበር። ቀለበቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢዞር ደግሞ እሳቱ ይዘገያል፤ ኃይል ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ የጭስ ማውጫውም ከልክ በላይ ይግላል።

ብዙዎቻችን ምልክቱን ስንጠራጠር ካቻቢቴ በካንዴላው ቀዳዳ እናስገባና ክራንክ ሻፍቱን እያዞርን ካቻቢቴው መነሣቱን ሲያቆም ቶፕ ደረሰ እንላለን። ይህ ዘዴ የሚያሳስተው ፒስተኑ ቶፕ አካባቢ የቆመ እስኪመስል ድረስ ስለሚዘገይ ነው። ስትሮኩ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት) 90 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው የቢየላው ርዝመት 140 ሚሊሜትር የሆነ ሞተር እንውሰድ። ክራንክ ሻፍቱ ከቶፕ 1 ዲግሪ ሲያልፍ ፒስተኑ የሚወርደው 0.01 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ 2 ዲግሪ ሲያልፍ 0.04 ሚሊሜትር ገደማ፣ 5 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ 0.23 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ይህን ልዩነት በካቻቢቴ ጫፍ የሚለይ ዓይን የለም፤ 5 ዲግሪ ግን ለታይሚንግ ትልቅ ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ የካንዴላው ቀዳዳ ያዘመመ ከሆነ ካቻቢቴው በፒስተኑና የሲሊንደሮቹ ክዳን በሆነው በቴስታታው መካከል ተቀርቅሮ ጉዳት ያደርሳል።

ስለዚህ ቶፑን ፒስተኑ በቆመበት ቦታ ሳይሆን በግልጽ በሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ መፈለግ ይገባል። ከላይ በጠቀስኩት ሞተር 20 ዲግሪ ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ ፒስተኑን 0.35 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያንቀሳቅሰው መለኪያው በዚያ ቦታ አይዋሽም። በቅድሚያ ባትሪው ይነቀላል፣ ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር) እንዳይታገል ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ። ከዚያ ፒስተኑን ከቶፕ በፊት ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው የሚያስቆም፣ ጫፉ የደነዘዘ ማቆሚያ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ላይ ይታሰራል። ማቆሚያው በሚገባበት ጊዜ ፒስተኑ ወደ ታች የወረደ መሆን አለበት፤ ርዝመቱም ቫልቮቹን እንደማይነካ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በማስነሻ ሞተር ፈጽሞ ሳይሆን በእጅ ቁልፍ ብቻ፣ በዝግታ፣ ፒስተኑ ማቆሚያውን እስኪነካ ድረስ ክራንክ ሻፍቱ ይዞራል፤ በቋሚው ጠቋሚ ትይዩም ፑሊው ላይ መስመር ይሰመራል። ቀጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተዙሮ ፒስተኑ ማቆሚያውን በድጋሚ ሲነካ ሁለተኛው መስመር ይሰመራል። እውነተኛው ቶፕ ከሁለቱ መስመሮች በአጭሩ በኩል ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው። የፑሊው ዲያሜትር 160 ሚሊሜትር ከሆነ በጠርዙ ላይ 1 ዲግሪ 1.4 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን፣ እኩሌታውን በወረቀት ፕላስተርና በማስመሪያ ማግኘት ይቻላል። ልኬቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተደግሞ ያው ውጤት መገኘት አለበት።

ወደ ኋላ መዞር በአምራቹ የተከለከለ፣ በተለይ የታይሚንግ ቀበቶው ጥርስ ሊዘል የሚችል ሞተር ከሆነ ማቆሚያው ይቀርና የፒስተኑን ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ዳያል ጌጅ፣ ይተካል። በፊት አቅጣጫ ብቻ እየተዞረ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከጫፉ 1 ሚሊሜትር ሲቀረውና አልፎ 1 ሚሊሜትር ሲወርድ መስመር ይሰመራል፤ እኩሌታው እንደ በፊቱ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአራት ስትሮክ ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ቶፕ ይደርሳል፤ አንዱ በኮምፕሬሽን፣ ሌላው በጭስ ማስወጫ መጨረሻ። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የሚገባው በመጀመሪያው፣ በኮምፕሬሽኑ፣ ነው፤ ይህም ፒስተኑ ሲወጣ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ የተጫነን ጣት አየሩ ገፍቶ ሲያነሣ፣ ወይም የሲሊንደሩ ቫልቮች ሁሉ ተዘግተው ሲገኙ ይታወቃል።

የተገኘው ቶፕ ከፋብሪካው ምልክት ጋር ካልገጠመ ቀለበቱ ተንሸራቷልና ፑሊው መቀየር አለበት። በእውነተኛው ቦታ ላይ አዲስ መስመር መቅረጽ ለጊዜው ይጠቅማል እንጂ የተላቀቀውን ጎማ አያስተካክልም፤ ነገም ይንሸራተታል። ዝግጅት ክፍሉ ይህን ማስታወሻ በቀደመው ጽሑፍ ላይ እንደ ማሟያ አድርጎ እንዲያወጣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ጥገና ባለሙያ የሆኑ አንባቢያችሁ