የወጣቶቹ ፈቃደኝነት ጳጉሜን ላይ አያልቅም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሐምሌ በገባ ቁጥር በጅማ ከተማ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጀመራል። ለዕረፍት ወደየቤታቸው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሠፈር ልጆች ጋር ሆነው የአቅመ ደካሞችን ቤት ጣሪያ ይቀይራሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ደም ይለግሳሉ፤ ለሕፃናት የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። የዘንድሮ ወጣት ለወገኑ ግድ የለውም የሚለውን ወቀሳ በየቦታው ስለምሰማ፣ ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍኩ ጡረተኛ መምህር እንደ መሆኔ በዓይኔ ያየሁትን መመስከር ይገባኛል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ባለፈው ክረምት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የማጠናከሪያ ትምህርቱን እንዳግዝ ተጠይቄ ነበር። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ያስተምር የነበረው እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነው። ከልጆቹ አንዷ ቁጥር ከአሥር ቤት ተበድሮ መቀነስ ፈጽሞ አልገባ ብሏት ነበር። ወጣቱ በማግስቱ ከቤቱ የቡና ፍሬ ይዞ መጣ፤ አሥር አሥር እየቆጠረ በትናንሽ ፌስታል ቋጠረና ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። ከሠላሳ ሁለት ላይ ሰባት ቀንሺ ሲላት ሁለቱን ፍሬ አይታ ዝም አለች። እሱም ምንም ሳይናገር አንዱን ቋጠሮ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ፈታችውና ቆጠረች። ከዚያ በኋላ ማንም አላስረዳትም። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያፈራረቀ፣ ሳይቆጣና ሳይቸኩል ሲያስተምር ሳየው እኔ በሥራ ዘመኔ ያላሰብኩትን ዘዴ ከልጅ ተማርኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ይኸው ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ለመቀጠል ፈለገ። የጠየቀው ገንዘብ ወይም አበል ሳይሆን አንድ የመማሪያ ክፍል ብቻ ነበር። ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባለው ጽሕፈት ቤት የሰጠው መልስ ግን ፕሮግራሙ በጳጉሜን ተዘግቷል፣ የሚቀጥለውን ክረምት ጠብቅ የሚል ነው። ርክክቡ ተደርጓል፣ የምስክር ወረቀቱም ታድሏል፤ ስለዚህ በመዝገቡ መሠረት ሥራው አልቋል። ያቺ ልጅ ግን መዝገቡን አታውቅምና በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

በጎ ፈቃድ የክረምት ሥራ ብቻ ነው የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አገራችን ከዚህ የረዘመውን አይታለችና። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 280 የሚሆኑ የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር (የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት) መምህራን በየክፍለ አገሩ ሲበተኑ ለሁለት ዓመት ነበር የመጡት። እኔ ራሴ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከኋላ ከመጡት ከአንዱ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አነጋገሩ አይገባንም፣ የእኛም አይገባውም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ማን ከሩቅ በእግሩ እንደሚመጣ፣ ማን ምሳ ሳይበላ እንደሚውል ያውቅ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎትም ለምረቃ ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ልለው ባልችልም፣ ተማሪውን አንድ ዓመት ሙሉ ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋር ያኖር ነበር። ሩቅ ሳንሄድም የጅማ ገበሬ ዳዶ፣ ማለትም በተራ የመረዳዳት የጋራ ሥራ፣ ሲጠራ ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረሰ ነገ የሌላው ተራ እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል፤ ተራው ሳይዳረስ ዳዶ አይበተንም።

ብዙዎቹ ወጣቶች ወደ ውጭ አገር ሄደው በበጎ ፈቃድ ማገልገልም ይመኛሉ። ምኞታቸውን አልነቅፍም፤ ሌላ አገር አይቶ የሚመለስ ልጅ ብዙ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን የጎረቤቴ ልጅ ቦታ እናገኝልሃለን ላሉት ሰዎች የመመዝገቢያ ገንዘብ ከፍሎ ደብዛቸው ስለጠፋበት ይህን ልናገር፦ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከአመልካች ምንም ክፍያ አይጠይቅም፤ ለተመረጠውም የመኖሪያ አበል ይሰጣል፤ በገዛ አገር ውስጥ ማገልገልም ይቻላል። ወላጆች ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። ወጣቱ ተስፋ አልቆረጠም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ስምንት ልጆችን በቤቴ በረንዳ ላይ ያስተምራል። ሁለት የክፍል ጓደኞቹም ተጨምረዋል። በረንዳው ጠባብ ነው፤ ዝናብ በነፋስ ሲመጣ ደብተሮቹ ይበሰብሳሉ፤ ሰሌዳ የለንም። የትምህርት ቤቶቻችን ክፍሎች ግን ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቆልፈው ይውላሉ። የከተማው የትምህርት ኃላፊዎች ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ክፍል እንዲከፈትልን ቢፈቅዱ ለወንበሩም፣ ለመስኮቱም፣ ለጽዳቱም ፈርሜ ቁልፉን የምረከበው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መምህር፣ ከጅማ