ደብዳቤ ለልጄ፦ የሐሞት ጠጠር አልነበረም

የኔ ማር፣

እንኳን 25 ዓመት ሞላሽ። ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ስልክ ላይ ግን «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩልሽ። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቅዳሜ ማታ ወንድምሽ ቪዲዮሽን አሳየኝ። አራት ኪሎ ያለው ጂም ውስጥ ብረት ስታነሺ። «ዴድሊፍት ነው፣ ብረት ከመሬት ማንሳት» አለኝ። ብረቱ ብቻውን 20 ኪሎ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ 30፣ 30። በድምሩ 80 ኪሎ! አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ኮራሁ። ለአክስትሽ ሳይቀር ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ደግሜ አየሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሺው መቀመጫሽ ቀድሞ ሽቅብ ወጣ። ወገብሽ እንደ ቀስት ጎበጠ። ብረቱን ካስቀመጥሽ በኋላ በአንድ እጅሽ ወገብሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። እሷን ቦታ ስንቴ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ሆድሽን ሳታጠብቂ ከመሬት ምንም አታንሺ።

ተዪው አላልኩሽም። አንዴ ብዬሽ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ሳለ ስፖርት ልጀምር ስትዪኝ «ሴት ልጅ ከባድ ካነሳች ማህፀኗ ይወርዳል» ብዬ ከለከልኩሽ። ሁለት ቀን ኮርፈሽ እራት አልበላሽም። ያን ጊዜ ምን እንዳስፈራኝ አልነገርኩሽም። አሁን ትልቅ ሰው ነሽ።

የተወለድሽው መስከረም 20 ቀን 1993 ነው፣ ደራርቱ ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈች ዕለት። ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ለአንቺ መስሎኝ ነበር። ወንድምሽ አሁን እንደነገረኝ ደግሞ ሴቶች በኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት የጀመሩት በዚያው በሲድኒ ነው። እኔ በዚያው ሰሞን እንጦጦ ላይ እንጨት እሸከም ነበር። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ። ይሄን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሌላ ነው።

ክርስትናሽ 80 ቀን ሲሞላሽ ነበር። እኔ በ35ኛው ቀን ተነሳሁ። አባትሽ ሥራ ካጣ ሦስተኛ ወሩ ነው። አንቺን ለአያትሽ ትቼ ወጣሁ።

እንጨት እንዴት እንደሚነሳ ልንገርሽ። የታሰረው እንጨት መሬት ላይ ይተኛል። ጀርባሽን ሰጥተሽው ቁጭ ትያለሽ፣ መጫኛውን ደረትሽ ላይ ትቋጥሪያለሽ። ከዚያ ጓደኛሽ ሁለት እጅሽን ይዛ ትስብሻለች። ጉልበትሽን አጥፈሽ በእግርሽ ነው የምትነሺው። እናንተ ስኳት የምትሉት እሱ ነው። አንዴ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሸክሜን አስመዝኜው 42 ኪሎ ሆነ። እኔ ራሴ ያኔ 47 ነበርኩ። ለዚህ ነው በመንገድ ላይ ሸክም መሬት የማናስቀምጠው። ስድስት ኪሎ ስንደርስ ወገባችን ድረስ የሚመጣ የግንብ አጥር ፈልገን አስደግፈን እናርፋለን። መሬት ከነካ ማን ያነሳዋል?

ያን ቀን ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሄዱ። የጫካው ዘበኛ ከላይ ሲጮህ ሰማሁ። ደነገጥኩ። የሚስበኝ ሰው አልነበረም። ወደ ጎን ተጣምሜ፣ በአንድ ጉልበቴ፣ ትንፋሼ ሁሉ ወጥቶ ተነሳሁ። የአራስ ሆድ ልፍስፍስ ነው። እዚያው አንድ ነገር ወደ ታች ሲወርድ ተሰማኝ።

ሸክሙን አልጣልኩትም። እንደዚያው ሆኜ በሽሮ ሜዳ አድርጌ፣ ስድስት ኪሎን አልፌ ፒያሳ ድረስ ወረድኩ። አንቺ ዛሬ ጫማሽን በቦርሳ ይዘሽ ጂም የምትሄጂበት መንገድ ነው። ሸጬ ዘይትና ስኳር ገዝቼ ገባሁ። ለምን አልጣልኩትም እያልኩ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ።

ከዚያ ደበቅኩት። ዘጠኝ ዓመት። ለአባትሽም ለእናቴም አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄጄ ግማሹን በሀፍረት ብነግራቸው «ብርድ ነው» ብለው ክኒን ሰጥተው ሸኙኝ። 2002 ላይ ሆስፒታል ስተኛ «የሐሞት ጠጠር ነው» ያልኳችሁ ትዝ ይልሻል? የሐሞት ጠጠር አልነበረም፣ ልጄ። ማህፀኔ ወርዶ ነው ኦፕራሲዮን የሆንኩት። ሐኪሙ ቶሎ ብመጣ ኖሮ ያለ ቀዶ ጥገናም ሊታገዝ ይችል እንደነበር ሲነግረኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በኋላ የላኩኝ ፊዚዮቴራፒስት ናት ያስተማረችኝ። የሰውነታችን መሃል እንደ ቤት ነው አለችኝ። ጣሪያው የምንተነፍስበት ጡንቻ፣ ዲያፍራም ነው። ግድግዳው ዙሪያውን የሆድና የጀርባ ጡንቻ ነው። ወለሉ ደግሞ ፊኛንና ማህፀንን ደግፎ የሚይዘው። አንዱ ከላላ ሌላው ብቻውን አይችልም። እኔ በጀሪካን ነው የገባኝ። ክዳኑ የተከፈተ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ በዪ፣ ይጨማደዳል። ሞልቶ የተዘጋ ጀሪካን ግን ይሸከምሻል። ወገብሽን ከብረቱ ጋር የሚያቆመው የጀርባ አጥንትሽ ብቻ አይደለም፣ ሆድሽ ውስጥ ያለው ግፊት ጭምር ነው።

ስለዚህ ብረቱን ከመንካትሽ በፊት አየር ወደ ሆድሽ ሳቢ። ከፊት ብቻ አይደለም፣ ጎንና ጎንሽም ጀርባሽም ይነፋ። ሰው ሆድሽን ሊመታሽ እንደመጣ አጠንክሪው። ሽንት እንደምትይዢ ከታች ሰብሰብ አድርጊ። ብረቱን ከእግርሽ አታርቂ። መሬቱን በእግርሽ ግፊው። ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ትንፋሽሽን አስወጪ። ለሚቀጥለው ደግሞ እንደ አዲስ ጀምሪ። እኔ ደም ግፊት ስላለብኝ ትንፋሽ አልይዝም፣ ሳነሳ ነው የማስወጣው። አንቺም እስቲ አንዴ ተለኪ፣ ከእናት ሊወረስ ይችላል።

ስታነሺ የታጠቅሽውን ቀበቶም አይቼዋለሁ። ጥሩ ነው። እኔም ያን ቀን መቀነቴን ጥብቅ አድርጌ ታጥቄ ነበር። ምንም አላደረገልኝም። ቀበቶ የሚረዳሽ ሆድሽ በትንፋሽ ሞልቶ ሲገፋው ነው። ባዶ ሆድ ላይ የታሰረ ቀበቶ ጌጥ ነው። ሆድሽን ሳታጠብቂ አታንሺ!

ወንድምሽ «እማዬ፣ ሆድ ለማጠንከር እኮ ነው የምትሠራው፣ ስኳቱም ዴድሊፍቱም ሁሉንም አንድ ላይ ያሠራል» አለኝ። እውነቱን ነው። እግርና እጅ ሲሠሩ መሃሉ እንዳይታጠፍ ይታገላል፣ በዚያ ይጠነክራል። ወለል ላይ ተጋድሞ መቶ ጊዜ ከመነሳትና ከመተኛት ይሄ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እኔስ በእንጨት ነው ጀርባ ያወጣሁት። ግን መሃሉ ከታጠፈ ትግሉ አልቋል። ከዚያ በኋላ የምታነሺው በአጥንትሽ ነው። ሦስተኛው ላይ ታጥፏል። ወደ 50 ኪሎ ውረጂ። ቀጥ ብሎ ሲወጣልሽ በየሳምንቱ 2.5 ኪሎ ጨምሪ። ለቪዲዮ ብለሽ አትጨምሪ። ያ ከቪዲዮሽ ሥር የእሳት ምልክት የሚለጥፍልሽ ሁሉ ወገብሽ ሲሄድ አብሮሽ አይተኛም።

ወገብሽ አሁንም ካመመሽ ለእኔ ንገሪኝ። ሕመሙ ከመቀመጫሽ ወደ እግርሽ ከወረደ ብረቱን ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ስታነሺ ሽንት ጠብ ካለሽም እንዳታፍሪ፣ እንዳትደብቂ። እኔ የደበቅኩት ይበቃል። በጭኖችሽ መሃል ከደነዘዘሽ ወይም ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ግን ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ለነገ አይባልም።

ደግሞ ያንን የጋዝ ሲሊንደር ብቻሽን ሦስተኛ ፎቅ እንዳታወጪ። ለጥበቃው ሻይ ከፍለሽ አብሮሽ ይያዝ። ጂም ውስጥ ተጠንቅቀሽ ደረጃ ላይ ብትጣመሚ ምን ዋጋ አለው?

በሶ ልኬልሻለሁ። አዲስ ነው፣ ትናንት ነው ያስፈጨሁት። በፆሙ ባዶ ሆድሽን ብረት እንዳትነኪ። ምስርና ሽሮ አብዢ። ላብሽ ሳይደርቅ ወደ ውጪ አትውጪ። ጣሳውን መልሺልኝ፣ የአያትሽ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነይ። እዚህ ብረት የለም። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ግን በር ላይ አለ። እፊቴ አንሺልኝ። እጄን ሆድሽ ላይ አድርጌ ልየው።

እናትሽ