ለጥልፍ ቤት «ዴይላይት» የሚል ካርቶን ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጥምቀት ሲቃረብ የጎንደር ጥልፍ ቤቶች አምሽተው ይሠራሉ። ማታ ተመሳስሎ የተመረጠ ክርና ጨርቅ ጠዋት ፀሐይ ሲያየው ይለያያል። ጥፋቱ በጠላፊው ይላከካል እንጂ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከራሱ በላይ የተሰቀለው አምፖል ነው።

የአምፖሉ ካርቶን ላይ «ዴይላይት» (የቀን ብርሃን) ከሚለው ጋር የሚጻፈው 6500 ኬልቪን ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን እንጂ ቀለም በትክክል ማሳየቱን አይናገርም። ይህን የሚናገረው ከ100 የሚሰጠው ሲአርአይ ነው። ተራ ኤልኢዲ 80 አካባቢ አለው፤ ለጥልፍ ከ90 በታች መግዛት አያዋጣም። ሲአርአይም ቢሆን የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁን ቀይ አይጨምርም። ስለዚህ ደማቁን ቀይ የሚለካውን፣ አር9 የሚባለውን ቁጥር ለብቻው ጠይቁ፤ ከ50 በላይ ይሁን። ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ብርሃን አመንጪ ነው፤ ቢጫውንና ቀዩን የሚጨምረው የተቀባበት ፎስፈር የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በርካሹ አምፖል ቀዩ ስለሚያንስ ቀይ ክር ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ነጩ ይብሳል። በፋብሪካ ድርና ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ የማንጫ ኬሚካል አለ፤ ከፀሐይ የሚያገኘውን ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚለውጥ ጨርቁን ያፈካዋል። የእጅ ፈትል ይህ የለውም። የተለመደው ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት ስለሌለው ሁለቱ ነጮች ሱቅ ውስጥ አንድ መስለው ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ይለያያሉ። እዚህ ላይ ሲአርአዩ 98 ቢሆንም አያድንም፤ ነጭን ከነጭ ማጋጠም በቀን፣ በረንዳ ጥላ ሥር ይሁን።

መጠኑን በተመለከተ፣ ሥራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ለስፌት 750 ሉክስ፣ ቀለም ለመለየት 1000 ሉክስ ያስፈልጋል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አንድ 9 ዋት አምፖል ይህን አይደርስበትም። ያንኑ በጠቅላላው 800 ሉመን ብርሃን የሚያወጣ አምፖል ነጭ ቆብ አድርጎ ከጠረጴዛው ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ማውረድ ይሻላል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከጎኑ ቢጫ አምፖል አይብራ። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳም ቀለሙን ጨርቁ ላይ ስለሚያንጸባርቅ በነጭ ይቀባ።

የስልክ ካሜራ ወደ አምፖሉ ሲዞር ጥቁር መስመሮች ከታዩ መብራቱ ይርገበገባል፤ በእኛ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። ዓይን ያደክማል፤ ከዚያም በላይ የሚሮጥ የስፌት መኪና መርፌ የቆመ ሊመስልና ጣት ሊያስወጋ ይችላል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ሲአርአዩና አር9 በግልጽ የተጻፈበትን አምፖል እንዲያስመጡ፣ ጥልፍ ቤቶችም ቁጥሩ የሌለበትን እንዳይገዙ አጥብቀን እንጠይቃለን።

የኤሌክትሪክና የመብራት ባለሙያዎች፣ ከጎንደር