የኔዘርላንድስን መልክዓ ምድር በየወቅቱ በፎቶ ስለማንሳት ለአባላት የተላከ መልእክት

ውድ አባሎቻችን፣

በመጪዎቹ ወራት የኔዘርላንድስን መልክዓ ምድር ለማንሳት ያሰባችሁ ሁሉ በሮተርዳም አቅራቢያ ለምትገኘው የኪንደርዳይክ መንደር ቅድሚያ እንድትሰጡ እናሳስባለን። በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 19ኙ የነፋስ ወፍጮዎች በቦይ ዳር የቆሙ በመሆናቸው፣ ጸጥ ባለ ማለዳ ክንፎቻቸው በውኃው ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ነፋስ ሽው ሲል ግን ምስሉ ስለሚበታተን ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ ይበጃል።

የቱሊፕ ማሳዎች አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል አጋማሽ ያብባሉ። ገበሬዎቹ ሽንኩርት መሳይ ሥሩ እንዲፋፋ አበባውን ብዙ ሳይቆይ ስለሚቀነጥሱት፣ ቀን ማዘግየት አያዋጣም። በጫማ የሚሄድ አፈር በሽታ ስለሚያዛምት ወደ ማሳው ፈጽሞ አትግቡ፤ ከመንገድ ዳር ሆኖ ማንሳት ይበቃል።

በኦገስት መጨረሻ በአገሪቱ መካከል ያለው የቬሉወ ሜዳ፣ ሄዘር የተባለው ቁጥቋጦ ሲያብብ ሐምራዊ ይለብሳል። በዲሴምበር ደግሞ ፀሐይ በቀትርም ዝቅ ብላ ስለምትውል፣ የጎን ብርሃን ለሚወድ ፎቶ አንሺ ከዓመቱ ሁሉ የምንመርጠው ይህንኑ ወር ነው።