«ውሃ በብዛት ይጠጡ» ስላላችሁት

ሰላም አዘጋጅ፣

ባለፈው የጤና አምዳችሁ ላይ ስለ አንጀት መታጠፍ የፃፋችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ «ከኦፕራሲዮን በኋላ ውሃ በብዛት ይጠጡ» ብላችሁ ዘጋችሁት፣ እኔ ደግሞ በዚችው ምክር ወንድሜን ላጣው ነበር።

ወንድም ጋሼ የደምቢያ ገበሬ ነው። አምና ሌሊት ቁርጠት ይዞት ጎንደር እስኪደርስ አንጀቱ ተጠማዞ ጠቁሮ ነበር፣ የሞተውን ቆርጠው አወጡና ከትንሹ አንጀት የተረፈው 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው አሉን (የጤነኛ ሰው 6 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ከ2 ሜትር ሲያንስ ነው አጭር አንጀት የሚሉት)። ጫፉን በሆዱ አውጥተው ከረጢት ለጠፉለት፣ ሲጠነክር መልሰን እንገጥመዋለን ተባልን። ከዛ «ፈሳሽ ይውሰድ» የምትል ቃል ይዘን አዘዞ እኔ ቤት ገባን።

እናታችን ጸበል በጀሪካን አስመጣች። ይጠማዋል ይጠጣል፣ ሲጠጣ ከረጢቱ ይሞላል፣ ሲሞላ መልሶ ይጠማዋል። ግማሽ ሰዓት አይቆይም እኮ፣ የጠጣው ኩልል ብሎ እንደገባ ይወርዳል፣ እኔ በሳፋ እቀበላለሁ። ጁስ ሞከርን፣ ሚሪንዳ ሞከርን፣ ጭራሽ ባሰበት። በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ባቱን እየሸመቀቀው እየጮኸ በባጃጅ ይዘነው ተመለስን።

ያኔ ነው አንዲት ዶክተር ቁጭ ብላ ያስረዳችን። እንደሱ አንጀቱ አጥሮ በሆዱ ለወጣ ሰው ባዶ ውሃ ሲገባ ከሰውነት ጨው ይስባል፣ ጨውና ውሃው አብረው ይወጣሉ፣ ብዙ በጠጣ ቁጥር ይደርቃል ማለት ነው። ጣፋጩም ውሃ ወደ አንጀት ይጎትታል። የሚያስፈልገው ኦአርኤስ ነው አለች፣ ያ ለህፃን ተቅማጥ ነው ብለን የምንንቀው፣ ልኩን ያወቀ ስኳር ጨውን ይዞ ወደ ደም ይገባል ውሃውም ይከተላል። አሁን የ1 ሊትሩን ፓኬት በ1 ሊትር ሃይላንድ በጥብጠን ቀኑን ሙሉ ፉት ይላል፣ ባዶ ውሃ ሻይ ቡናው ተደምሮ ከግማሽ ሊትር አያልፍም። ምግብ በቀን ስድስቴ ትንሽ ትንሽ፣ ጨው ጠንከር አድርገን፣ እየበላ ሳይጠጣ። አንጀቱን የሚያዘገየው ሎፔራሚድ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ለአሲዱ ኦሜፕራዞል፣ ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠው የትንሹ አንጀት የታችኛው ጫፍ ስለተቆረጠ ደግሞ እሱን በመርፌ (መጠኑን ሐኪም ነው የሚያውቀው፣ የኔን ደብዳቤ ይዛችሁ ፋርማሲ እንዳትሄዱ)።

እናታችንን ጸበሉ ይቀንስ ማን ይበላት! የንስሃ አባቱ ናቸው የገላገሉን፣ «በቡና ስኒ ይበቃዋል፣ ከጾሙም ፈትቼዋለሁ» አሏት፣ ዝም አለች።

ውጭ አገር ቤታቸው ሆነው ማታ ማታ በደም ስር ምግብ የሚወስዱ አሉ፣ ቴዱግሉታይድ የሚባል የቀረው አንጀት ደህና አድርጎ እንዲመጥ የሚያግዝ መርፌም አሜሪካ ከ2012 እኤአ ጀምሮ ተፈቅዷል። ያ ለኛ ሩቅ ነው። ፓኬቱ ግን ፒያሳ ፋርማሲ ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልን፣ አንጀቱ ተቆርጦ በከረጢት ላለ ሰው ያ ምክር እንደማይሰራ ጎላ አድርጋችሁ አውጡት። ወንድም ጋሼ 43 ኪሎ ወርዶ ነበር፣ ትናንት ሲመዘን 51 ሆኗል፣ የመግጠሚያው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ