ጣሪያችሁን በበጋ አሳዩን

ለውድ ደንበኞቻችን፣ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና ለብሎክ ኮሚቴዎች፤

ጤና ይስጥልን። ጥምቀት አለፈ፤ ሰማዩም ጥርት ብሏል። አሁን ስለ ዝናብ ማውራት ለብዙዎቻችሁ ጊዜው ያልደረሰ ይመስላል። እኛ ግን የምንጽፍላችሁ ስለ ዝናብ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ስልካችን እረፍት አልነበረውም። ከሰሚት ይደወላል፣ ከጀሞ ይደወላል፣ ከየካ አባዶ ይደወላል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ስንደርስ፣ በየክፍሉ ባልዲና ሳፋ ደርድረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲደፉ አድረዋል። ላስቲክ ወጥረን ተመለስን። ከዚያ በላይ ልናደርግላቸው አልቻልንም። እስካሁን ይቆጨናል።

ምክንያቱን እንንገራችሁ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሬንጅም ሆነ ሲሊከን በደንብ አይዝም፤ ቶሎ ይላቀቃል። ቆርቆሮው ደግሞ ያንሸራትታል። በዝናብ አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ሰው ማውጣት በሕይወት መቀለድ ነው። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ የጣሪያ ሥራ የምንሠራው ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ነው። በክረምት የሚደውልልንን አንተውም፤ ግን የምንመጣው ላስቲክ ለመወጠር ብቻ ይሆናል። በመሃል የበልግ ዝናብ ጣል ያደርጋል። እሱ እንኳ ይጠቅመናል፤ የጠገንነው መያዙን ያሳየናል።

ጣሪያን የሚጎዳው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ የበጋው ፀሐይም ነው። ቆርቆሮው ቀን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እንዲህ ሲል ከርሞ ሚስማሩን ያላላዋል። ከሚስማሩ ሥር ያለው ጎሚኒም በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዲሽ ሊተክሉ የሚወጡትም አሉ፤ የቆርቆሮውን ጀርባ ረግጠው፣ በስተው፣ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ይወርዳሉ። እባካችሁ ዲሽ ሲተከል ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮ ይውጣ። ውሃው ደግሞ በገባበት ቦታ አይንጠባጠብም። ቆርቆሮው የተመታበትን ሞራሌ ይዞ ሄዶ ሌላ ክፍል ላይ ይወርዳል። እኛም አንድ ጊዜ በዚህ ተሳስተናል። ከእርጥቡ ኮርኒስ በላይ ያሉትን ሚስማሮች በሙሉ ደፍነን ወረድን፤ ውሃው ግን የሚገባው በሌላኛው ጫፍ ከሞላው አሸንዳ ነበር። አሁን ከመድፈናችን በፊት ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ እየለቀቅን እንፈትሻለን። ይህ በበጋ እንጂ በሐምሌ አይሆንም።

የአሸንዳውን ነገር አደራ። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 6,000 ሊትር ውሃ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትቆጥሩ 30 በርሜል መሆኑ ነው። ያ ሁሉ የሚወርደው በጥቂት ቱቦዎች ነው። የግራቪሊያ ቅጠልና የኳስ ቁራጭ አንዱን ቱቦ ከደፈነው ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ልስኑን ያረግፋል፣ ደረጃው ላይ ወዳለው የቆጣሪ ሳጥን ሊደርስም ይችላል። ይኼ አደጋ ነው። አንዳንድ ብሎኮች ደግሞ የጣሪያውን ውሃ ከፍሳሽ ማንሆል ጋር አገናኝተውታል። ማንሆሉ ሲሞላ ቆሻሻው ምድር ቤት ባሉት ሰዎች መታጠቢያ ቤት በኩል ይወጣል። የዝናብ ውሃ ለብቻው ወደ ቦዩ መሄድ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደን ሥራው አይደለም፤ የገንዘብ መዋጮው ነው። "እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ጣሪያው ምኔ ነው?" የሚል ሰው በየብሎኩ አይጠፋም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የፍሳሽ መስመሩን የጋራ ያደርጋቸዋል። ወጪውም የጋራ ነው። ደግሞስ ማንሆሉ ሲሞላ የምድር ቤቱ ሰው የሚጮኸው ለማን ነው? ለዚያው ላይ ላለው ጎረቤቱ አይደል? ስብሰባ ስትጠሩ ከፈለጋችሁ እንመጣለን። ያየነውን በስልክ ፎቶ አንስተን ለሁሉም እናሳያለን። አይቶ የተከራከረ ብዙ ነው፤ አይቶ አላዋጣም ያለ ግን እስካሁን አልገጠመንም።

ለማየትና ዋጋ ለመንገር ገንዘብ አንቀበልም። አቅም ካነሰ አሸንዳውንና ማንሆሉን ዘንድሮ እናስቀድም፤ ቀለሙ ለከርሞ ይቆይ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የጣሪያው መውጫ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ አጣሩልን። ብዙ ቀን የሚባክንብን ቁልፉን በመፈለግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ድርጅታችሁ