እማዬ፣ ለፋሲካ ነይልኝ

አቴንስ፣ ነሐሴ 2018

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ "በስተርጅና ሰው አገር ሄጄ ምን ልሁን? ማን ያናግረኛል? ጾሜንስ እንዴት አድርጌ ልጹም?" ብለሽ ነገሩን ዘጋሽው። ላስረዳሽ ስል መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፣ ምንም ሳይዘል።

ከጾሙ ልጀምር። ግሪኮች እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ይጾማሉ። ሁሉም አይጾምም፤ እዚያስ ሁሉም ይጾማል እንዴ? ዐቢይ ጾምን የሚይዙት ከኛ አንድ ሳምንት ዘግይተው ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ሥራ የለም። ቤተሰብ ሁሉ ወደ ኮረብታ ይወጣል፣ ልጆች ካይት የሚባል በክር የተያዘ ወረቀት ሰማይ ላይ ያንሳፍፋሉ፣ ላጋና የሚባል ሰሊጥ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዳቦ ይቆረሳል። ዳቦ ቤቱም ምግብ ቤቱም የጾም ነገር አያጣም። ምስር አለ፣ ባቄላ አለ፣ የወይራ ፍሬ አለ። አንድ ነገር ግን ይገርምሻል። ሽሪምፕና ኦክቶፐስ የሚባሉ የባሕር እንስሳት "ደም የላቸውም" ተብለው በጾም ይበላሉ፤ ጠበቅ ባለው ቀን ደግሞ ዘይት ይከለከላል! እኛ ሽሮውን በዘይት አቁላልተን "ጾም ነው" ስንል እነሱም እንደዚሁ ይገርማቸዋል። አንቺ እንደለመድሽው ትጾሚያለሽ፤ ማንም ምንም አይልሽም።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልንገርሽ። ከኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ኪሪያ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ዕድሜያቸው ካንቺ ብዙም አይርቅም። ባለቤታቸው የሞቱት ክረምት ላይ ነው፤ የዚህ አገር ክረምት ማለት ጥር አካባቢ ነው። ከቀብር ሲመለሱ ለለቀስተኛው ቡናና ብራንዲ ቀረበ። ቡናው በትንሽ ስኒ ነው፣ አተላው ሥር የሚቀር። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነበር፣ ስለ ሟቹ ደግ ደጉን የሚያወራ ነበር፣ ጥግ ይዞ የሚያለቅስ ነበር።

ከዚያ አርባው ደረሰ። አዎ፣ አርባ ያወጣሉ! እኔም እንዳግዛቸው ለመኑኝ። ማታ ስንዴ ቀቀልን። ፍሬው ሳይፈነዳ እንዲበስል ድስቱ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። አጥልለን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘረጋነው፣ ሌሊቱን ውኃው እየተመጠጠ አደረ። ጠዋት ዘቢብ፣ ለውዝ፣ የሮማን ፍሬና ቀረፋ ደባለቅንበት። ትሪ ላይ ከምረን በእጅ ጠፍጠፍ ስናደርገው ቆንጆ ጉብታ ሆነ። ስኳሩ እንዳይርስ መጀመሪያ የተቆላ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ከላዩ ነጭ የላመ ስኳር። ኪሪያ በለውዝ መስቀል ሠሩበት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንዷን ለውዝ ሦስት ጊዜ አነሷት። ቤተ ክርስቲያን ወስደን ካህኑ ጸሎት አደረሱበት፣ ከዚያ በትንንሽ ከረጢት ለሰው ሁሉ ታደለ። ኮሊቫ ይሉታል። እማዬ፣ ንፍሮ ነው! ስኳር የበዛበት ንፍሮ። የአባዬ ተዝካር ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና እንባዬ መጣ። ኪሪያ አቀፉኝ። የሚያለቅሱት እሳቸው፣ የምጽናናው እኔ።

በነሐሴ ደግሞ ቲኖስ የምትባል ደሴት አብረን ሄድን። የእመቤታችን በዓል ነው። እነሱ ፍልሰታን የሚያከብሩት በፈረንጅ ነሐሴ 15 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 መሆኑ ነው። ስለዚህ እሳቸው ሲፈስኩ እኔ ገና ጾሙ መሀል ነኝ። ለኔ ብለው ምስር በዕቃ ይዘውልኝ ነበር።

ራፊና ከሚባል ወደብ በትልቅ መርከብ ተሳፈርን። መኪናው በሆዷ ይገባል፣ ሰው ከላይ። ወደ አራት ሰዓት ትሄዳለች። ባሕሩን አትፍሪው፣ ውስጥ ተቀምጠሽ ቡናሽን እየጠጣሽ ነው የምትደርሽው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ዳር ዳሩን ምንጣፍ ተነጥፎለታል፤ ለምን መሰለሽ? ስለት ያለበት ሰው ያን ዳገት በጉልበቱ እየዳኸ ይወጣዋል። አንዲት ወጣት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ስትድህ አየሁ። ጉልበቷ ተልጦ ነበር። እናቷ መሰሉኝ፣ ውኃ ይዘው ከጎኗ ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ። ቁልቢ የሄድን ጊዜ ያየናቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ።

የእመቤታችን ሥዕል ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው በ1823 በፈረንጅ ነው። ፔላጊያ የምትባል መነኩሲት በራእይ አይታ ቦታውን ተናገረች፣ ተቆፈረ፣ ተገኘ። አሁን ሥዕሉ በወርቅና በእንቁ ተሸፍኖ ፊቱ በጭንቅ ነው የሚታየው። ከጣሪያው የብር መርከቦች ተንጠልጥለዋል፣ ሁሉም የስለት ናቸው። የብር ብርቱካን ዛፍም አለ። አንድ ዓይነ ስውር "ዓይኔ ከበራልኝ መጀመሪያ ያየሁትን በብር አሠርቼ አገባለሁ" ብሎ ተሳለ አሉ። ዓይኑ ሲበራ ያየው የብርቱካን ዛፍ ሆነ። ከታች ጸበል አለ። ሰው በጠርሙስ ይቀዳል፤ እኔም ቀድቼልሻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

ወደቡ ላይ ደግሞ አንድ ሐውልት አለ። በ1940 በፈረንጅ፣ በዚያው በበዓሉ ቀን፣ ኤሊ የምትባል የግሪክ የጦር መርከብ ለክብረ በዓሉ መጥታ ቆማ ሳለ የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መትቶ አሰጠማት። ገና ጦርነት እንኳን አልታወጀም ነበር። ለኪሪያ ስለ አባትሽ ነገርኳቸው፤ በዱር በገደል እንደተዋጋ፣ ያኔ እኛም በጣሊያን ስር እንደነበርን። አላወቁም ነበር። እጄን ያዙና "ስለዚህ እናትሽ ታውቃለች" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያገኙኝ "እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?" ነው ጥያቄያቸው። "ማን ያናግረኛል" ላልሽው መልሱ እሳቸው ናቸው። ቋንቋው አያስቸግርሽም፣ ሁለት ስኒ ቡና መሀል ላይ ይኑር እንጂ።

ኑሮው ይመችሻል። ከሰዓት በኋላ፣ በኛ ሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ በበጋ ጩኸት ክልክል ነው። ሰው ጋደም ይላል። በሳምንት አንዴ መንገዱ ይዘጋና ገበሬዎች ቲማቲሙን፣ ባሚያውን፣ ጎመኑን ዘርግተው ይሸጣሉ። ሊዘጉ ሲሉ ዋጋው ይወርዳል፤ ክርክሩን ላንቺ ትቼልሻለሁ። በየበረንዳው በሶብላ በማሰሮ ተተክሏል። መስቀሉ በተገኘበት ቦታ በቅሎ ነበር ይላሉ፣ ለመስቀል በዓል በቤተ ክርስቲያን ይታደላል።

ፋሲካን የመረጥኩት ሌላው በዓል ሲለያይ እሱ ከኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ነው። መጪው ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ነው፣ እዚህም ያው። ዓርብ ደወሉ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል፤ ማታ በአበባ የተሸፈነ የጌታን የመቃብር ምሳሌ ተሸክመው ሰፈሩን ይዞራሉ። ቅዳሜ ኢየሩሳሌም ከጌታ መቃብር የሚለኮሰው ብርሃን በአውሮፕላን ይመጣል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሁሉ ይጠፋል፣ ካህኑ አንዲት ጧፍ ይዘው ይወጣሉ፣ እሳቱ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። "ክሪስቶስ አኔስቲ!" ይባላል፣ ክርስቶስ ተነሣ ማለት ነው፣ ርችት ይተኮሳል። ሰው ጧፉን ሳያጠፋ ቤቱ ድረስ ይዞ ይሄድና በጭሱ በመቃኑ ላይ መስቀል ያደርጋል። ከዚያ ሾርባ ነው፣ ከበግ ሆድ ዕቃ በሎሚና በእንቁላል የሚሠራ፤ ከሰባት ሳምንት ጾም በኋላ ሆድ እንዳይደነግጥ። በነጋታው በጉ ይጠበሳል፣ ቀይ እንቁላል እርስ በርስ ይጋጫል። ዶሮ ወጡን እኛ እንጨምርበታለን።

ዳገት ወጪ አልልሽም። ቲኖስ ከሄድን ከወደቡ ታክሲ አለ። ቤቴም አሳንሰር አለው፣ ጠባብ ነው እንጂ ያወጣሻል።

አሁን የምለምንሽ ይኸው ነው። ፓስፖርትሽ ጊዜው እንዳያልፍ ወንድሜ ከአሁኑ ያሳድስልሽ። ቪዛው ጊዜ ይወስዳል፤ የግብዣውን ወረቀት እኔ ከመስከረም በኋላ እልካለሁ። የጉልበትሽን መድኃኒት ሐኪሙ ለጉዞው የሚበቃ ይጻፍልሽ። ስትመጪ በርበሬና ያልተቆላ ቡና ያዢልኝ፤ ቡናውን ለኪሪያ ጨምሪበት። ለአክስቴና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እሁድ ስደውል "እሺ" እንድትይኝ እጠብቃለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ